ስማቸው ያልተጻፈ ፍጥረታት

(የውኃ ሞገድና የአዕዋፍ ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል።)

ተራኪ፦ ከሞጆ ተነሥቶ በመቂና በባቱ አልፎ ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ አዳሚ ቱሉ ደርሶ፣ ግራር ጥላውን ከጣለበት ሜዳ ላይ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ቢመልስ፣ ከሜዳው ማዶ የአርሲ ተራሮች ደመና ተጐናጽፈው ይታዩታል። በዚህ ዝግጅት የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አድማጮቻችን ይገንዘቡልንና፣ በ1908 አይቮር ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ ከዝዋይ ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ ካሉት ከእነዚህ ተራሮች የገደለው አንድ ቀንዳም አውሬ ለንደን ደርሶ በሊቃውንት ፊት በቀረበ ጊዜ፣ ከዚያ በፊት በሳይንስ መዝገብ ከተጻፉት አራዊት ከአንዱም ጋር ሳይስማማ ቀረ። በ1910 እንግሊዛዊው የእንስሳት ሊቅ ሪቻርድ ሊደከር ዘሩን ለይቶ፣ በባክስተን ስም ሰይሞ ለዓለም አስታወቀው። ይህም ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ ምድር የማይገኘው፣ ምስሉ በ10 ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው የደጋ አጋዘን ነው። ኦካፒ በ1901፣ ታላቁ የጫካ ዐሣማ በ1904 ተመዝግበው ነበርና፣ የእኛው አጋዘን ከአፍሪካ ታላላቅ አራዊት መካከል ወደ መዝገቡ በመጨረሻ ከገቡት አንዱ ሆነ።

በተራራው ሥር ከብቱን ያሰማራ የነበረው የአርሲ ሰው ግን ይህን አውሬ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ያውቀው ነበር። እንግዲህ «አዲስ ዘር ተገኘ» የሚል ዜና በሰማን ጊዜ፣ ፍጥረቱ ዛሬ የተፈጠረ ወይም ዛሬ ለሰው ዐይን የታየ አድርገን ልንቀበለው አይገባም፤ አዲስ የሚሆነው ለመዝገቡ ነው። ይሁን እንጂ የመዝገቡን ነገር እንደ ቀላል ልንቈጥረው አንችልም፤ በመዝገብ ያልሰፈረ ፍጥረት ሲጠፋ፣ መጥፋቱን የሚመሰክርለት ጽሑፍ አይኖርምና።

ፍጥረትን በየወገኑ ለይቶ መቍጠር ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ ትምህርት አይደለም። ፊሳልጎስ የተባለው የእንስሳትና የአዕዋፍ መጽሐፍ በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ ተመልሶ ሲነበብ ኖሯል፤ የሥነ ፍጥረት መምህራንም የስድስቱን ዕለታት ሥራ በ22 ፍጥረት ከፍለው፣ በዕለተ ሐሙስ ከውኃ የተገኙትን «በልባቸው የሚሳቡ፣ በእግራቸው የሚሽከረከሩ፣ በክንፋቸው የሚበሩ» እያሉ ያስተምራሉ። የቀድሞው ሊቅ ከእንስሳው ጠባይ ምሥጢርና ተግሣጽ ይፈልግ ነበር፤ የዛሬው ተመራማሪ የክንፉን አጥንት ይቈጥራል፤ የጥያቄያቸው መንገድ ቢለያይም፣ ሁለቱም ፍጥረቱን አተኵረው ሳያዩ ወደ መልሱ ሊደርሱ አይችሉም።

(የመቅዘፊያ ድምፅ።)

ተራኪ፦ ዝዋይ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከ9 ሜትር እምብዛም የማይዘልቅ ሐይቅ ነው። መቂና ቀታር ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ከእርሱ ወጥቶ በአዳሚ ቱሉ በኩል ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል። በመካከሉ ካሉት 5 ደሴቶች በትልቁ በቱሉ ጉዶ ላይ የደብረ ጽዮን ገዳም አለ፤ የዛይ ሕዝብም ከጥንት ጀምሮ በእነዚሁ ደሴቶች በዓሣና በእርሻ ይኖራል።

በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ከዚህ አካባቢ የተሰበሰቡ ዓሦች ወደ ለንደን ተልከው በዘመኑ ታላቅ የዓሣ ሊቅ በጆርጅ አልበርት ቡላንዤ ጠረጴዛ ላይ ቀረቡ። እርሱም በ1904 ከእነዚህ አንዷን በመቂ ወንዝ ስም ሰየማት፤ ጋራ ማኪየንሲስ ተባለች። ጋራ የሚባለው ወገን ከአፉ በታች ባለች ክብ መጣበቂያ ከድንጋይ ላይ ተለጥፎ፣ ወራጅ ውኃ የማይጠርገው ትንሽ ዓሣ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመንም፣ በ1939፣ ዞሌዚ የተባሉ ተመራማሪ ከዝዋይ የተገኘውን ሌላ ዓሣ በኢትዮጵያ ስም ሰይመው መዘገቡት፤ ይህ ዓሣ ከዝዋይ ተፋሰስ በቀር በሌላ ሥፍራ አይታወቅም። አገሪቱ ነጻነቷን በተነጠቀችበት ዘመን አንድ ዓሣ ስሟን ይዞ ወደ ሳይንስ መዝገብ መግባቱ፣ ይህን ታሪክ ለሚያነብ ኢትዮጵያዊ ልብ የሚነካ ነገር ነው።

አንድን ዘር አዲስ ነው ለማለት የሚያስፈልገው ድካም እንዲህ ነው። ተመራማሪው ናሙናውን ካገኘ በኋላ ሥፍራውን፣ ቀኑን፣ የውኃውን ጠባይ ይጽፋል፤ ቀለሙ በአልኮል ውስጥ ስለሚለቅ፣ ሕይወቱ ሳይወጣ ያለውን መልክ ፎቶግራፍ ያነሣል። ከዚያም በጐኑ ያሉትን ቅርፊቶች አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ የክንፎቹን አጥንቶች፣ የዐይኑን ስፋት፣ የራሱን ርዝመት ይለካል፤ ዛሬም በዚህ ላይ የዘር ውርሱን ፊደል ያስመረምራል። ይህን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ ነው ዋናው ፈተና የሚመጣው፤ ለዚያ ዘር የቅርብ ዘመድ የሚሆኑት ሁሉ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የተሰበሰቡት ጭምር፣ ከተቀመጡበት ቤተ መዘክር እየወጡ ከአዲሱ ጋር መነጻጸር አለባቸው። ልዩነቱ ከጸና፣ ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኔ በ1758 ባጸናው ሥርዓት ሁለት ቃል ያለው ስም ይወጣለታል፤ ለስሙም ምስክር የሚሆን አንድ ናሙና ተመርጦ ለዘለዓለም ይቀመጣል።

የኢትዮጵያ ፍጥረታት ምስክር ናሙናዎች ብዙዎቹ በለንደን፣ በበርሊን፣ በፓሪስና በጣሊያን ቤተ መዘክሮች ስለሚገኙ፣ ኢትዮጵያዊው ሊቅ የአገሩን ዓሣ ለመለየት ባሕር መሻገር ግድ ይሆንበት ነበር። ይህን ድካም ከተሸከሙት አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዓሣ ሊቅ አበበ ጌታሁን ናቸው። ከአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ሜላኒ ስቲያስኒ ጋር ሆነው በ2007 ባወጡት ጽሑፍ፣ የመቂዋ ዓሣ ከተመደበችበት ከዚያው ከጋራ ወገን 5 አዳዲስ የኢትዮጵያ ዘሮችን ለይተው ሰየሙ፤ ከእነዚህ ሁለቱ የጣና ናቸው። ቡላንዤ የመቂዋን ዓሣ ከሰየመ ከ100 ዓመት በኋላ የዚያው ወገን ስያሜ በኢትዮጵያዊ እጅ ተጻፈ ማለት ነው፤ ይህ ዜና ከተሰማው በላይ ሊሰማ ይገባው ነበር።

በዕፅዋት በኩልማ ሥራው ገና ሰፊ ነው። ጀርመናዊው ሺምፐር ከ1837 ጀምሮ በትግራይና በሰሜን ኢትዮጵያ የሰበሰባቸው ዕፅዋት በአውሮፓ ተበትነው ሲጠኑ፣ በአዲስ አበባ የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኖሪያ የሆነው ብሔራዊ ኸርባሪየም የተቋቋመው በ1959 ነው። በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ዝግጅት በ2009 በ8 ክፍል ሲፈጸም፣ ወደ 6,000 የሚደርሱ ዕፅዋት ተመዘገቡ፤ ከ10 አንዱ ገደማ በሌላ አገር የማይገኝ ነው። ሥራውን ከመሩት መካከል ሰብስቤ ደምሰው፣ እንሰርሙ ቀልቤሳና ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ይገኛሉ።

(የሌሊት ነፍሳት ድምፅ።)

ተራኪ፦ ከአዳሚ ቱሉ ወደ ደቡብ፣ በዚሁ ስምጥ ሸለቆ፣ ነጭ ሣር የተባለው ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ1990 የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ቡድን በዚያ ሜዳ ሲያልፍ፣ በቀን በምድር ላይ ተኝታ በሌሊት ነፍሳትን እያሳደደች ከምትበረው ወፍ ወገን አንዷን መንገድ ላይ ተደፍጥጣ አገኛት። አካሏ የተበላሸ ስለ ነበረ አንድ ክንፏን ብቻ ይዘው ተመለሱ፤ ክንፉም ከሚታወቁት ሁሉ ስለ ተለየ፣ በ1995 በዚያው ክንፍ መነሻነት አዲስ ዘር ሆና ተመዘገበች። ጥንቃቄ የጐደለው ሰው አልፏት በሄደ ነበር፤ እነርሱ ግን ዝቅ ብለው አነሡ።

በዝዋይ ዙሪያ ያለው ነገር ግን ለጥንቃቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጥ አይመስለኝም። የሐይቁና የገባር ወንዞቹ ውኃ ለመስኖ እየተቀዳ ወደ ቡልቡላ የሚወርደው አንሷል፤ አብያታም ዳርቻውን ለቅቆ ሸሽቷል። ከውጭ አገር መጥቶ የተለቀቀው ካርፕ በአጥማጁ መረብ ላይ ብዙ ሥፍራ ሲይዝ፣ በኢትዮጵያ ስም የተጠራው የዝዋይ ዓሣ ግን ከስንት አንድ ጊዜ ነው የሚወጣው። እንቦጭም በዳርቻው ታይቷል። ስለ እነዚህ ዓሦች የምንነጋገረውም ስም ስላላቸው ነው፤ በጭቃው ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን ትሎች፣ በፊላው ሥር የሚራቡት ነፍሳት፣ በአካባቢው ጨዋማ ሐይቆች የሚበቅሉት በዐይን የማይታዩ ፍጥረታት ገና ብዙ ተመራማሪ ይፈልጋሉ።

ይህም ተመራማሪ ከባቱና ከአዳሚ ቱሉ ትምህርት ቤቶች እንዲወጣ እመኛለሁ። በቡልቡላ ዳር ናሙና የሚሰበስብ ተማሪ ቀኑንና የውኃውን ጥልቀት ከጻፈ በኋላ፣ አጠገቡ መረቡን የሚጠግነውን አባት ያ ፍጥረት በኦሮምኛ ወይም በዛይኛ ማን ተብሎ እንደሚጠራ፣ በየትኛው ወር እንቍላሉን እንደሚጥል፣ ውኃው ሲደፈርስ ወዴት እንደሚሸሽ ጠይቆ በዚያው ወረቀት ላይ ያስፍር፤ ለንደን ተቀምጦ የመቂን ዓሣ ቅርፊት የቈጠረው ሊቅ ይህን የሚጠይቀው ሰው በአጠገቡ አልነበረውም።