ብቸና ባሕር ዳርቻ አይደለችም

በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ቢያመልጠኝ እለፉኝ። በስፖርት ልምምድ ሙያ ላይ ላለ ሰው ሰሞኑን የሚታየው ነገር ያናድዳል። ብቸናም ሞጣም ጎህ ሲቀድ የሚሮጠው ወጣት በርክቷል፣ እሰየው። ስልኩን ስታዩት ግን «በ12 ሳምንት 10 ኪሎ ሜትርን በ40 ደቂቃ» የሚል ከዩቲዩብ የወረደ ፕሮግራም አለ፤ ከጎኑም እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ግባ የሚል ሰንጠረዥ። ሦስት ሳምንት ሞክሮ ቁጥሩ አልሞላ ሲለው «እኔ ለሩጫ አልተፈጠርኩም» ብሎ ጫማውን ይሰቅላል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሰንጠረዡ የተሠራው ለሌላ አየር ነው።

1. አየሩ። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። «ደጋ ላይ ኦክስጅን የለም» የምትሉ እባካችሁ ተዉ፤ ድርሻው እዚህም እዚያም 21 በመቶ ነው። የወረደው ግፊቱ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፣ ከሳንባ ወደ ደም የሚገፋውም ኃይል ይዳከማል። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ይህ አይሰማውም፤ ጉዱ የሚወጣው ፍጥነት ሲጨመር ነው። ማስረጃ ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. የ1968ቱን የሜክሲኮ ኦሊምፒክ አስታውሱ፤ ከተማዋ 2240 ሜትር ላይ ናት፣ ከእኛ ዝቅ ትላለች። የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን በአውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ እጅ ነበር፣ 27:39.4። ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ያሸነፈው በ29:27.4 ነው፤ ማሞ ወልዴ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ተከትሎት ገባ። ክላርክ 6ኛ ወጥቶ መጨረሻው መስመር ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ። አሸናፊው ራሱ ከክብረ ወሰኑ በ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ዘግይቷል። የሻምፒዮና ሩጫ በስልት ስለሚሮጥ ልዩነቱን ሁሉ በአየሩ አላመካኝም፤ ግን ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ 26:17.53 የሮጠውን ርቀት፣ ከ2001 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በ28 ደቂቃ ከምናምን የገባ ያሸንፋል። ዳገቱም አለበት፣ አየሩም አለበት። የዓለም ምርጦች የሚከፍሉትን ቀረጥ የብቸና አስተማሪ ወይም የሞጣ ባለሱቅ እንዳይከፍል ማን ነፃ አወጣው?

«እኛ እኮ ደገኞች ነን፣ አየሩን ለምደነዋል» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የሲንቲያ ቢል እና የባልደረቦቿ ጥናት ሰሜን ተራሮች አካባቢ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ፣ የሄሞግሎቢን መጠናቸውም የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙ እንደማይለይ አሳይቷል። የሚያስደንቅ ውርስ ነው። ግን የተለካው ያረፈ ሰው ነው፤ እያለከለከ ዳገት የሚወጣ አይደለም። ልምዱ ከእንግዳው ያስበልጠናል እንጂ የወረደውን ግፊት መልሶ አይሞላም። ማሞ ክላርክን በለጠው እንጂ የባሕር ጠለሉን ሰዓት አልበለጠም።

2. የልብ ምት። «ከ220 ላይ ዕድሜህን ቀንስ» የሚለው የከፍተኛ የልብ ምት ቀመር እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የሚዞር ግምት ነው። በ2001 የወጣው የተሻለ ስሌት ከ208 ላይ የዕድሜን 0.7 እጥፍ ይቀንሳል፤ እሱም ቢሆን ለአንድ ሰው ሲውል በ10 ምት ሊስት ይችላል። አለፍኩት።

ሦስተኛ ልል ነበር፣ ቁጥሩን ተዉት። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም! ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ዳታ ለወራት ሲዘጋ «ስትራቫ (የሩጫ መመዝገቢያው አፕ) አይሠራም» ብሎ ልምምዱን መመዝገብ የተወ አለ። ሳተላይት ካርድ አያስሞላም። ያለ ዳታ ቦታውን እስኪይዝ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ርቀቱን ይመዘግባል፤ ኔትወርክ ሲመጣ ይልከዋል። ዳገቱን አስልቶ ፍጥነት የሚያስተካክል መተግበሪያም አለ፤ ዳገት እና ከፍታ ግን አንድ አይደሉም፣ አታምታቱ።

«ያለ አፑ ግን ተነሳሽነት የለኝም» ለሚል ሰው አልከራከርም። የተመዘገበ ነገር ያበረታል፤ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ምስክር ይፈልጋል። ጥያቄው ከማን ጋር ትወዳደራለህ ነው። የለንደን ሰው ፓርክ ውስጥ በሜዳ የሮጠውን ከሞጣ ኮሮኮንች ጋር ማስተያየት ከንቱ ነው። ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጫማ በየወሩ ሩጡና ራሳችሁን ከራሳችሁ አስተያዩ። አባይ በረሃ ወርዳችሁ፣ 1000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሜዳ አግኝታችሁ ሙቀት ሳይነሳ ብትሮጡ በዚያው ጉልበት ሰዓታችሁ ይሻሻላል፤ ኮንዲሽናችሁ ግን ያው ነው።

ደግሞ ወጣቱን ብቻ ምን ልውቀስ? በአትሌት ስም በሚምል አገር ለተራ ሯጭ፣ ለከፍታችን የሚሆን፣ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች በየዓመቱ የመመረቂያ ጽሑፍ ያስጠርዛሉ፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳል። ስፖርት ጽሕፈት ቤት የሚባለውን የምናየው የውድድር ቀን ቲሸርት ሲታደል ነው። ክፍተቱን ዩቲዩብ ቢሞላው ምን ይገርማል።

እስከዚያው በርቀት ሳይሆን በደቂቃ ተለማመዱ። ጠንካራ ቀን 3 ደቂቃ ጠንከር፣ 2 ደቂቃ ለቀቅ፣ አምስት ጊዜ። ቀላል ቀን ግን ቀላል ይሁን። መለኪያው መንገድ ላይ አለላችሁ፦ ገበያተኛው «እንዴት አደርክ፣ ቤተሰቡስ፣ ከብቱስ?» ሲላችሁ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ ደኅና አደራችሁ?» ብላችሁ ሳትቆራርጡ ከመለሳችሁ ፍጥነቱ ልክ ነው። «ደ… ኅና» ብቻ ከወጣችሁ ቀንሱ።