ስንጥቅን ከመለሰን አስቀድሞ መንሥኤውን መመርመር

የድንጋይ ግንብ ዕድሜው ከሰው ዕድሜ የረዘመ ቢሆንም እንደ ሰው ይታመማል፤ ሕመሙንም የሚናገረው በስንጥቅ ነው። ነገር ግን አሮጌ ሕንፃ በተሰነጠቀ ጊዜ ብዙዎች የሚያደርጉት፥ ግንበኛ ጠርተው በሲሚንቶ ማስለሰንና ቀለም ማስቀባት ነው። ይህም ቁስልን ሳያጥቡ በጨርቅ መሸፈን ነው።

በአዲስ አበባ ደቡብ፥ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ በብዙ ስፍራ የሚገኘው መሬት መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኰማተራል። መሠረቱ ጥልቅ ያልሆነ ግንብም ከአፈሩ ጋራ ከፍና ዝቅ ሲል ይሰነጠቃል። ስለዚህ በአንዱ ወራት የተደፈነው በሌላው ወራት ተመልሶ ቢከፈት ሊያስደንቅ አይገባም።

የምርመራው ሥራ እንዲህ ነው። አስቀድሞ የጣራው አሸንዳ ውሃውን ከመሠረቱ ማራቁ ይታያል፤ የግንቡ ቀጥታ በቱምቢ ይለካል፤ ልስኑም በመዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ስፍራ ምልክት ይደረግበታል። ከዚህ በኋላ በውስጥ በኩል በስንጥቁ ላይ ጥቂት ጄሶ ተለጥፎ ቀኑ ይጻፍበታል። ክረምትና በጋ ተፈራርቀው ጄሶው ከተሰነጠቀ፥ ግንቡ ገና ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ግንቡ ያዘመመ ወይም ሆድ ያወጣ እንደ ሆነ ግን ዓመት አይጠበቅም፤ ሰው እንዳይጠጋው ተከልክሎ መሐንዲስ ወዲያው ይጠራል።

ያለ ምርመራ መጠገን የሚያመጣውን ጉዳት ጎንደር አሳይታናለች። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በድንጋይና በኖራ የተሠሩትን የፋሲል ግቢ ግንቦች ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን በሲሚንቶ ጠገኗቸው። ሲሚንቶ ግን ከኖራ ይልቅ ደረቅ ስለ ሆነ፥ የግንቡን እርጥበት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ያግደዋል። በኋላ ዩኔስኮ በረዳው ጥገና፥ የቀድሞው ስሕተት እንዲታረም በኖራ መሥራት ግድ ሆነ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209፥ ቅርስ ከመጠገኑ በፊት የባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲገኝ ደንግጓል። የመሥሪያ ቤት ሹማምንትና የአድባራት አስተዳዳሪዎች ፈቃዱን ሲጠይቁ የአንድ ዓመት የስንጥቅ መዝገብ ይዘው ቢቀርቡ፥ መሐንዲሱ በግምት አይፈርድም፤ ሊድን የሚችለው ሕንፃ በከንቱ አይፈርስም፤ ሊወድቅ ያለውም በምእመናን ላይ አይወድቅም። አባቶቻችን ድንጋዩን ጠርበው አቁመውልናል፤ የእኛ ድርሻ ሕመሙን በጊዜው መጠየቅ ነው።