የኢንተርኔት በር ጠባቂ፦ ራውተርና ፋየርዎልን በአንድ መሣሪያ

ቀድሞ በወፍራም መዝገብ ይሰፍር የነበረው የአባላት ቁጠባ፣ የማዳበሪያ ፍላጎት ዝርዝርና የምርት ሽያጭ ሂሳብ ዛሬ በብዙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ቢሮዎች በኮምፒውተር ይያዛል። ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ሥራው ይቀላጠፋል፤ በዚያው መስመር ግን ያልተጠራ እንግዳም ሊገባ ይችላል። ይህን በር ለመጠበቅ ከሚያገለግሉ መፍትሔዎች አንዱ፣ የኔትወርክ ማጣሪያ መሣሪያን እንደ ራውተርም እንደ ፋየርዎልም አድርጎ መጠቀም ነው።

የሁለቱን ሥራ ለመለየት የመስኖ ቦይን ማሰብ ይጠቅማል። ከወንዝ የተጠለፈው ውኃ ለየትኛው ማሳ፣ መቼ እንደሚደርስ የሚደለድለው የውኃ አባት ነው። ራውተርም በአንድ መስመር የመጣውን ኢንተርኔት ለእያንዳንዱ ኮምፒውተርና ስልክ የውስጥ አድራሻ እየሰጠ ያከፋፍላል። ፋየርዎል ደግሞ ቅጠላ ቅጠልና እንጨት እንዳያልፍ በቦዩ አፍ ላይ የተቀመጠን ወንፊት ይመስላል፤ የሚገባውንና የሚወጣውን በተሰጠው ደንብ ይለያል።

ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው መሣሪያ ቢያንስ ሁለት የገመድ መሰኪያዎች ይኖሩታል። አንዱ ወደ ውጭው መስመር፣ ሌላው ወደ ቢሮው ይዞራል። መሠረታዊው ደንብ ቀላል ነው፤ ከውጭ የተጀመረ ግንኙነት ሁሉ ይዘጋል፣ ከውስጥ ለተነሣ ጥያቄ የሚመጣ መልስ ግን ይገባል። በተጨማሪም በአደገኛነታቸው የታወቁ ድረ ገጾችን በስማቸው ለይቶ መዝጋት፣ የእንግዶችን ዋይፋይም ሂሳብ ከሚያዝበት ኮምፒውተር መለየት ይቻላል።

በአተካከል በኩል ሁለት አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ነባሩ ራውተር ማከፋፈሉን እንደያዘ ማጣሪያውን ከኋላው እንደ ድልድይ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው፣ ማጣሪያው ራሱ ራውተር እንዲሆን ማድረግ ነው። በሁለተኛው አማራጭ ከኢንተርኔት አቅራቢው የመጣው መሣሪያ መስመሩን ብቻ እንዲያስተላልፍ ይደረጋል። ሁለቱም ማከፋፈላቸውን ከቀጠሉ አድራሻ ሁለት ጊዜ ስለሚቀየር፣ ከሩቅ ሆኖ ካሜራ እንደማየት ያሉ አገልግሎቶች ሊስተጓጎሉ ይችላሉ።

በሁለቱም መንገድ የማይዘነጋ ነገር አለ፤ ማጣሪያው የሚጠብቀው በእርሱ በኩል የሚያልፈውን ብቻ ነው። የነባሩ መሣሪያ ዋይፋይ ካልተዘጋ ሠራተኞች በእርሱ እየተገናኙ ማጣሪያውን ሳያውቁት ይዘሉታል። በሩን ቆልፎ አጥሩን ክፍት መተው ማለት ነው። በፍላሽ የመጣ ቫይረስና በሞባይል ዳታ የተከፈተ ገጽም በዚህ በር አያልፉም። የባንክ ሠራተኛ ነኝ ብሎ በስልክ የምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅ አታላይንም መሣሪያው ሊያስቆመው አይችልም።

ጠባቂው ራሱ ካልተጠበቀ ደግሞ ለጥቃት መሣሪያ ይሆናል። እ.አ.አ በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና ራውተሮች ከ60 በላይ የተለመዱ የስምና የይለፍ ቃል ጥምረቶችን እየሞከረ ይቆጣጠር ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት 21 ቀን በእነዚህ መሣሪያዎች አማካይነት ዳይን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላይ በተሰነዘረ ጥቃት፣ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለብዙ ተጠቃሚዎች ተቋርጠው ነበር። የመሣሪያዎቹ ባለቤቶች ግን ንብረታቸው ለጥቃት መዋሉን በአብዛኛው አላወቁም።

ስለዚህ መሣሪያው በተተከለበት ዕለት የይለፍ ቃሉን መቀየር፣ ከውጭ ሆኖ ማስተካከያውን መክፈት እንዳይቻል መዝጋትና የሶፍትዌር ማሻሻያዎችን በየጊዜው መጫን ያስፈልጋል። ሁሉም ነገር በአንድ መሣሪያ ላይ ሲንጠለጠል እርሱ ሲበላሽ ቢሮው በሙሉ ከኢንተርኔት ይቋረጣል። በመሆኑም የደንቦቹን ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ ለመብራት መቆራረጥም መጠባበቂያ ባትሪ ማዘጋጀት ተገቢ ነው።

በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚይዙ አካላት ጥበቃ እንዲያደርጉለት ያስገድዳል። ይሁን እንጂ የአባላት ቁጠባ ከተነካ በኋላ ሕግ መጥቀስ “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” የሚባለው ዓይነት ነው። ማኅበራት መሣሪያውን ከመግዛታቸው በፊት የይለፍ ቃሉን ማን እንደሚይዝ፣ ማሻሻያውን ማን እንደሚከታተልና በብልሽት ጊዜ ማን እንደሚጠራ ወስነው በጽሑፍ ማስፈር ይኖርባቸዋል።