መነሻው ብዙ፣ ውጤቱ አንድ፦ የጓያ ሽባነት ስለ ሥርዓተ ነርቭ የሚያስተምረው

መግቢያ

ከሰበታ አልፎ በጅማ መንገድ የሚዘረጋው የበቾ ሜዳ ጥቁር አፈር ክረምቱ ከወጣ በኋላም እርጥበት ይዞ ይቆያል። ገበሬው በዚህ ቀሪ እርጥበት ላይ ከሚዘራቸው ሰብሎች አንዱ ጓያ ነው። ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትን መሬትም ይችላል፤ በፕሮቲን የበለጸገ ነው፤ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እርሱ ይደርሳል። ይሁን እንጂ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ያሽመደምዳል። እ.ኤ.አ. ከ1995/96ቱ ድርቅ በኋላ በወሎ፣ በደላንታና ዳውንት፣ ከ2,000 በላይ ሰዎች በዚህ ምክንያት ለሽባነት ተዳርገዋል።

የጓያ ሽባነት፣ በሕክምና ስሙ ኒውሮላቲሪዝም፣ ከሌሎች መነሻዎች ከሚመጣ ሽባነት በዓይን ለመለየት ያስቸግራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተለያዩ ስልቶች በሥርዓተ ነርቭ ውስጥ እንዴት ተመሳሳይ ውጤት እንደሚያስገኙ ማብራራትና ተመሳሳይነቱ ለሐኪምና ለተመራማሪ የሚያስከትለውን ችግር ማሳየት ነው።

ጽንሰ ሐሳቡ

ጄራልድ ኤደልማንና ጆሴፍ ጋሊ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በመዋቅር የተለያዩ ክፍሎች አንድ ዓይነት ተግባር የሚፈጽሙበትን ባሕርይ ዲጀነረሲ በሚለው ቃል ገልጸውታል። ይህ ከመጠባበቂያ ይለያል፤ መጠባበቂያ የአንዱ አካል ቅጂ ሲሆን፣ እዚህ ግን መንገዶቹ ራሳቸው የተለያዩ ናቸው። በኢቭ ማርደር ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሥራ ሐሳቡን በቁጥር አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ የባሕር ሸርጣንና የዘመዶቹን የጨጓራ እንቅስቃሴ የሚመራውን አነስተኛ የነርቭ መረብ በኮምፒውተር ቀርጸው ከ20 ሚሊዮን በላይ ቅንብሮችን ፈተኑ። እጅግ የተራራቁ ቅንብሮች አንድ ዓይነት ምት ሰጡ። ምቱን ብቻ ያየ ሰው የትኛው ቅንብር እንደፈጠረው ሊያውቅ አይችልም።

ሁለት መርዞች

የጓያ ፍሬ ቤታ-ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ ይዟል። ይህ ውሁድ በቅርጹ ግሉታሜት የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ ስለሚመስል፣ አምፓ ተብለው የሚታወቁትን ተቀባዮች ከመጠን በላይ ያነቃቃል፤ ነርቮቹም ከልክ ባለፈ መነቃቃት ይጎዳሉ። ክፉኛ የሚጎዱት ከአንጎል ቅርፊት ተነሥተው በኅብለ ሠረሰር በኩል እስከ ታችኛው ወገብ የሚወርዱት ረጃጅም ነርቮች ናቸው። በዚህም የታማሚው እግር ይገተራል፤ አረማመዱም ይጠላለፋል። አእምሮው ግን አይነካም፤ ቆዳውም እንደ ወትሮው ይዳስሳል።

በኮንጎ፣ በሞዛምቢክና በታንዛኒያ የሚታየው ኮንዞ የተባለ ሕመምም ይህንኑ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1981 በሞዛምቢክ ናምፑላ ክፍለ ሀገር ከ1,100 በላይ ሰዎች ተጠቅተዋል። መነሻው በሚገባ ያልተዘፈዘፈ መራራ ካሳቫ ነው። ካሳቫው ሲበላ ሳያናይድ ይለቀቃል፤ ሰውነት ይህን መርዝ ለማርከስ ሰልፈር ያስፈልገዋል፤ ፕሮቲን ያነሰው ማዕድ ግን ሰልፈር የለውም። የጓያ ፕሮቲንም ሰልፈር አዘል አሚኖ አሲዶች ያንሱታል። ስለዚህ ሁለቱ መርዞች ቢለያዩም፣ የሚበረቱት በአንድ ዓይነት የጎደለ ማዕድ ላይ ነው። በአንጻሩ የጓያ ሽባነት በወጣት ወንዶች ላይ ይበረታል፤ ኮንዞ ደግሞ በሴቶችና በሕፃናት ላይ።

ከመርዝ ውጭ ያሉ መነሻዎች

ኤችቲኤልቪ-1 የተባለው ቫይረስ የሚያስነሣው የመከላከያ ሴሎች ብግነት ይህንኑ የነርቭ መስመር በዓመታት ሂደት ይጎዳል። በአንዳንድ ቤተሰቦች ደግሞ ስፓስቲን የተባለውን ፕሮቲን የሚያዝዘው ዘረ መል ይበላሻል፤ በረጅሙ ነርቭ ውስጥ የሚካሄደው የማጓጓዝ ሥራ ይታወካል። የአከርካሪ ቲቢ የነርቭን ኬሚስትሪ ሳይነካ፣ በፈረሰ አጥንትና በመግል ኅብለ ሠረሰርን ይጫናል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ደግሞ የነርቭን ሽፋን ያላላል።

መርዝ፣ ብግነት፣ ውርስ፣ ጫናና እጥረት በስልት አይገናኙም፤ የሚያገናኛቸው የተጎዳው መስመር ነው። የእግር ነርቮች ከሁሉ የረዘሙ በመሆናቸው የኃይል አቅርቦትም ሆነ መጓጓዣ ሲታወክ ቀድመው ይጎዳሉ።

ልዩነቱ የሚገለጠው መቼ ነው?

ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ሕክምና ሲጀመር ነው። የአከርካሪ ቲቢ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት፣ አንዳንዴም በቀዶ ሕክምና ይድናል። የቢ12 እጥረት ቫይታሚኑን በመተካት ይገታል። የጓያ ሽባነት ግን አንዴ ከደረሰ የሚመልሰው መድኃኒት የለም፤ ያለው አማራጭ መከላከል ነው። ስለዚህ ጓያ በሚበላበት ወረዳ እግሩ የተገተረውን ሁሉ «ጓያ ነው» ብሎ መመለስ ሊድን የሚችለውን ታማሚ ዕድሉን ያሳጣዋል። ጓያን ዘንግቶ ሌላ መነሻ ብቻ መፈለግም የታማሚው ቤተሰብ ያንኑ ማዕድ እንዲቀጥል ያደርጋል። የወገብ ሕመም፣ የመደንዘዝ፣ የሽንት መታወክና ከቀን ወደ ቀን መባባስ ሐኪሙን ከጓያ ውጭ ወዳለ መነሻ ሊመሩት ይገባል።

መከላከሉም ቢሆን አንድ መንገድ ብቻ የለውም። ፍሬውን ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል። ከእህል ጋር መቀላቀል የጎደለውን ሰልፈር ይተካል። እንደ ዋሴ ያሉ መርዛቸው ዝቅ ያለ ዝርያዎች ደግሞ ችግሩን ከማሳው ይጀምሩታል። ሆኖም ድርቅ በፍሬው ውስጥ ያለውን መርዝ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ሰዎች በጓያ ላይ ብቻ የሚተማመኑበት ዓመት ጓያ ይበልጥ የሚጎዳበት ዓመት ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

ሥርዓተ ነርቭ በጤና ጊዜ ብዙ መንገድ ያለው መሆኑ ጥንካሬው ነው፤ አንዱ ሲታወክ ሌላው ሥራውን ሊይዝ ይችላል። ይኸው ባሕርይ በሕመም ጊዜ መርማሪውን ያሳስተዋል፤ ውጤቱን አይቶ መነሻውን ያወቀ ይመስለዋልና። ተመሳሳይ ምልክት ያላቸውን ታማሚዎች በአንድ መዝገብ የሚያሰባስብ ጥናትም ለዚህ ስሕተት የተጋለጠ ነው። ስለዚህ የእግር መገተርን የሚያጠና ተመራማሪ ታማሚዎቹን ከመቁጠሩ በፊት ምን እንደበሉ፣ ሕመሙ በድንገት ይሁን ቀስ በቀስ እንደጀመረ፣ በቤተሰባቸውም ሌላ ታማሚ መኖሩን መጠየቅ ይኖርበታል።