ለክረምትም ለበጋም የሚሆን ጎማ

አሶሳ ላይ አስፋልት ክፉኛ የሚያዳልጠው ሐምሌ ላይ አይደለም፤ በሚያዝያ ማብቂያ ወይም በግንቦት መግቢያ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያካፋ ነው። በጋውን ሙሉ መንገዱ ላይ የከረመው ቀይ አቧራ፣ ከመኪና የተንጠባጠበው ዘይትና ከጎማ የተፋቀው ብናኝ በጥቂት ውሃ ሲላወስ አስፋልቱ ቅባት እንደተቀባ ይሆናል። ዝናቡ ጠንክሮ እስኪያጥበው ድረስ፣ ትናንት ፍሬን ሲያዝ ቀጥ ይል የነበረ መኪና ዛሬ ይንሸራተታል። ሾፌሩ ያው ነው፤ ፍሬኑም ያው ነው። የተለወጠው ጎማውና መንገዱ የሚነካኩበት ቦታ ነው። ያ ቦታ ደግሞ በአንድ የቤት መኪና ጎማ የሰው መዳፍ ቢያክል ነው፤ ከዚያ አይበልጥም።

በአሶሳና በዙሪያዋ ዝናቡ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የቀረው ጊዜ ደረቅ ነው፤ መጋቢት ላይ ሙቀቱ ይበረታል። በረዶ ባለበት አገር ሰዎች የክረምትና የበጋ ብለው ሁለት ዓይነት ጎማ ይዘው ወቅቱን እየጠበቁ ይቀያይራሉ። እኛ ዘንድ ያው አራት ጎማ ነሐሴንም መጋቢትንም ይሸከማል። ስለዚህ ምርጫው አንድ ጊዜ፣ በደንብ ታስቦ መደረግ አለበት። ችግሩ ደረቅ መንገድና እርጥብ መንገድ ከጎማ የሚፈልጉት ነገር የተለያየ መሆኑ ነው።

በደረቅ አስፋልት ላይ ብቻ የሚነዳ ቢሆን ኖሮ ጎማ ጥርስ ባላስፈለገው ነበር። ጎማ መንገድ የሚይዘው ላስቲኩ በአስፋልቱ ጥቃቅን ጠጠሮች መካከል ተጭኖ ሲገባ ነው፤ የሚነካው ላስቲክ በበዛ ቁጥር አያያዙ ይጠብቃል። የፎርሙላ ዋን መኪኖች በደረቅ ቀን ምንም ጥርስ በሌለው ለስላሳ ጎማ የሚሮጡት ለዚህ ነው። ዝናብ ሲጥል ግን ወዲያው ገብተው ይቀይራሉ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውድድሩ ብቸኛ አቅራቢ የሆነው ፒሬሊ ለከባድ ዝናብ የሠራው ጎማ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በሰከንድ 85 ሊትር ገደማ ውሃ ከሥሩ ጠርጎ እንደሚያወጣ ይናገራል።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያውስ ጥርሱ ያለቀ ጎማ ለበጋ ይሻላል» የሚል አይጠፋም። አይሻልም። የውድድር ጎማ ጥርስ ባይኖረውም ላስቲኩ ሲሞቅ የሚጣበቅ ለስላሳ ቅይጥ ነው፤ ለአንድ ውድድር ያውም ለግማሹ ብቻ የተሠራ። ያለቀ የመንገድ ጎማ ግን ደርቋል፣ ሳስቷል፣ ሚስማርም እሾህም በቀላሉ ይበሳዋል፤ በቆላው ሙቀት ጭነት ሲበዛበትም ይፈነዳል።

አሁን ወደ ውሃው። ጎማ በውሃ ላይ ሲሮጥ ከፊቱ ያለውን ውሃ ወይ በቦዮቹ ማሳለፍ ወይ ወደ ጎን መግፋት አለበት። ፍጥነቱ ሲጨምር ለዚህ ሥራ ያለው ጊዜ ያጥራል። ቦዮቹ ውሃውን ማስተናገድ ሲያቅታቸው ውሃው ከጎማው ሥር ይገባና ጎማውን ከመንገዱ ያነሳዋል። ያኔ መኪናው ይንሳፈፋል። መሪው በድንገት ይቀላል፤ ቢያዞሩት አይታዘዝም፤ ፍሬንም ዋጋ የለውም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የናሳ ተመራማሪዎች አውሮፕላኖች በረጠበ ማኮብኮቢያ ላይ ለምን እንደሚንሸራተቱ ሲያጠኑ አንድ ቀላል ስሌት አግኝተዋል፤ መንሳፈፉ የሚጀምርበት ፍጥነት ከጎማው የንፋስ ግፊት ጋር የተያያዘ ነው። ስሌቱን ወደ ቤት መኪና ስናመጣው፣ ውሃው ከጎማው ቦይ ጥልቀት በላይ ሲሆን፣ 32 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይንሳፈፋል። ንፋሱ ወደ 20 ከወረደ 75 ላይ ይጀምራል። ቁጥሮቹ ለእያንዳንዱ መኪና በትክክል አይሠሩም፤ የሚያሳዩት አቅጣጫ ግን እውነት ነው። ንፋስ የጎደለው ጎማ በክረምት የሚንሳፈፍበትን ፍጥነት በ20 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ያደርገዋል።

መንሳፈፍ ሳይመጣም እርጥብ መንገድ ዋጋ ያስከፍላል። ደህና ጎማ ያለው መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ቢይዝ ወደ 31 ሜትር ሄዶ ይቆማል እንበል። አያያዙን የሚገልጸው የሰበቃ ቁጥር በዝናብ ከ0.8 ወደ 0.5 ሲወርድ ያው መኪና 50 ሜትር ይፈልጋል። ጭንቁ ያለው በልዩነቱ ውስጥ ነው፤ ደረቁ ላይ የነበረው መኪና በቆመበት ነጥብ ላይ፣ እርጥቡ ላይ ያለው ገና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሊሞላ በቀረው ፍጥነት እየሄደ ነው። በዚያ ነጥብ ላይ ከገበያ የሚመለስ ሰው፣ ከብት ወይም ባጃጅ ሊኖር ይችላል።

እዚህ ላይ የላስቲኩ ቅይጥ ይመጣል፤ ገዢው በዓይኑ የማያየው፣ ግን ከጥርሱ ቅርፅ ባልተናነሰ የሚወስነው ነገር ነው። ለብዙ ጊዜ ጎማ የሚጠነክረው በካርቦን ጥላሸት ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሚሽሊን ከአሸዋ ዘር የሆነውን ሲሊካ በቅይጡ ውስጥ በብዛት አስገባና በእርጥብ መንገድ የተሻለ የሚይዝ፣ ነዳጅም የሚቆጥብ ጎማ ለገበያ አቀረበ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ዛሬ በደህና ጎማና በርካሽ ጎማ መካከል ትልቁ ልዩነት የሚታየው በእርጥብ አስፋልት ላይ ነው። በደረቁ ቀን ሁለቱም ይሄዳሉ፤ ገዢውም «ምን ልዩነት አለው?» ይላል። ልዩነቱን የሚነግረው ሐምሌ ነው።

ቅይጡን በዓይን ማየት ባይቻልም ጎማው ጎኑ ላይ የሚናገረው አለ። 195/65 አር 15 91 ኤች የሚል ጽሑፍ እንውሰድ፤ በብዙ የቤት መኪኖች ላይ የሚገኝ ልክ ነው። 195 ስፋቱ በሚሊሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ይነግራል። 15 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። 91 አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም፣ ኤች ደግሞ በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር እንደሚችል ይገልጻል። ማንም ወደ አሶሳ በሚወስደው የመንዲ መንገድ 210 አይነዳም። ሆኖም የፍጥነት ፊደሉ ጎማው ሙቀትን ምን ያህል እንደሚቋቋም ስለሚያሳይ በቆላ መንገድ ትርጉም አለው። የጭነት ቁጥሩን በተመለከተ ግን ምንም መለሳለስ አያስፈልግም። የሕዝብ ማመላለሻ ሚኒባስ ከልኩ ቀጥሎ ሲ የሚል ፊደል ያለበት የጭነት ጎማ ነው የሚያስፈልገው፤ 106 የሚል ቁጥር ያለው ጎማ 950 ኪሎ ግራም ይሸከማል። ልኩ ስለገጠመ ብቻ የቤት መኪና ጎማ ሚኒባስ ላይ መግጠም፣ የተሳፋሪውን ነፍስ በቀጭን ክር ማንጠልጠል ነው።

ከዚያ አራት አሃዞችን ፈልጉ። ዲ ኦ ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ፣ ሞላላ ክብ ውስጥ፣ 2319 የሚል ቢገኝ ጎማው በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ላስቲክ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል፤ ፀሐይና ሙቀት ደግሞ ያፋጥኑታል። አብዛኞቹ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ጥርሱ ደህና ቢሆን እንኳ ከአሥር ዓመት እንዳያልፍ ይመክራሉ። ያገለገለ ጎማ ከውጭ አገር ገብቶ ሲሸጥ ጥርሱ ጥልቅ፣ ፊቱም ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ሊሆን ይችላል። ማብለጭለጩ ቅባት ነው። ቀኑን ሳያነቡ ገንዘብ ማውጣት አይገባም፤ ቁጥሩ ተፍቆ ከተገኘም ጎማውን ትቶ መሄድ ነው።

ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ ጎማዎች ላይ ሌላም መረጃ ይገኛል፤ የማለቅ ቁጥር እና የአያያዝ ፊደል። የማለቅ ቁጥሩ 200 ወይም 300 ከሆነ ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ መንገድ ይይዛል፣ ቶሎ ያልቃል። 500 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይቆያል። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የአንዱን ፋብሪካ ከሌላው ማወዳደር ብዙ አያስኬድም። የአያያዝ ፊደሉ ግን የሚለካው በእርጥብ አስፋልትና በእርጥብ ኮንክሪት ላይ ፍሬን በማስያዝ ነው። ድርብ ኤ ከሁሉ ይበልጣል፤ ኤ ደህና ነው፤ ሲ የተጻፈበትን ለአሶሳ ክረምት አልመርጥም። ለአውሮፓ የተሠራው ጎማ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ደግሞ የዝናብ ደመና ሥዕል አጠገብ ከኤ እስከ ኢ ደረጃ ያሳያል። ወረቀቱ ሳይቀደድ ከተገኘ ከዋጋው ቀድሞ መታየት ያለበት እሱ ነው።

ስለ ስፖርት ጎማ ደግሞ ብዙ ወጣቶች ይጠይቃሉ። ሰፊ፣ ጎኑ አጭር፣ ትልቅ ቸርኬ ላይ የሚገጠም ጎማ በደረቅና ለስላሳ አስፋልት ላይ መኪናውን በኩርባ ላይ ያጸናዋል፤ መሪውም ፈጣን መልስ ይሰጣል። ይህ እውነት ነው፤ የሚሽሊን ፓይለት ስፖርት ወይም የብሪጅስቶን ፖቴንዛ በከንቱ ስም አላተረፉም። ከአዲስ አበባ በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ አድርጎ ባምባሲን አልፎ አሶሳ የሚደርሰው ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ ግን ሌላ ጥያቄ ያቀርባል። ሰፊ ጎማ ብዙ ውሃ መግፋት ስላለበት ሌላው ሁሉ እኩል ሲሆን ቀድሞ ይንሳፈፋል። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጣል፤ ውስጡ ያለው ክር ይበጠስና ጎኑ ያብጣል፣ ወይም ቸርኬው ይጣመማል። ጎኑ ላይ የተጎዳ ጎማ አይጠገንም። እኔ ብጠየቅ፣ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ልክ ጠብቆ የተረፈውን ገንዘብ በተሻለ ቅይጥ ላይ ማዋል ነው የምመርጠው። ሰፋፊ ቀጥ ያሉ ቦዮች ዙሪያውን የሚዞሩት፣ በጥርሶቹ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች የበዙበት ጎማ ለዚህ መንገድ ይሠራል። ቦዮቹ ውሃውን ያወጣሉ፤ ስንጥቆቹ የተረፈችውን ቀጭን የውሃ ንጣፍ ቆርጠው ላስቲኩን ከአስፋልቱ ያገናኙታል።

ላንድክሩዘርና ፒክአፕ የሚነዱ ደግሞ ተቃራኒው ይፈትናቸዋል። ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ ወይም ወደ ሸርቆሌ ካምፕ የሚመላለስ መኪና ጭቃ እንደሚያጋጥመው አስቦ ጥርሱ እንደ ትራክተር የተንጨባረረውን የጭቃ ጎማ ያስገጥማል። ቀይ ጭቃ ውስጥ ይህ ጎማ ወንድ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ ግን ትልልቆቹ ጥርሶች ጥቂት ላስቲክ ብቻ ያስነካሉ፣ ስንጥቅም የላቸውም፤ ስለዚህ ከባዱ መኪና በረጅሙ ይንሸራተታል። አብዛኛውን ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ ለሚሄድ ሰው መካከለኛው፣ ለሁሉም መሬት ተብሎ ኤ/ቲ የሚጻፍበት ጎማ ይበቃዋል።

ንፋስን በተመለከተ ለዚህ መንገድ የተለየ ነገር አለ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አሶሳ 1,570 ሜትር ገደማ። ወደ ቆላ ሲወረድ የውጪው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ከጎማው ላይ አንድ ፒኤስአይ ያህል ቀንሶ ያሳያል። በአንጻሩ የአየሩ ሙቀት በአሥር ዲግሪ ከፍ ካለ አንድ ተኩል ያህል ይጨምራል። ሁለቱ ተጣፍተው ልዩነቱ ትንሽ ነው። ረጅም መንገድ ሲሄድ የዋለ ጎማ ግን ከዚያ በላይ ይግላል፣ ንፋሱም ከፍ ይላል። ባምባሲ ላይ ቆሞ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ትልቅ ስህተት ነው፤ ማታ ሲበርድ ጎማው ጎድሎ ያድራል። የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ በሾፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈው ቁጥር ነው። ንፋሱ የጎደለ ጎማ በበጋ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፤ መንገድ ላይ ተፈንድተው ከሚታዩት ብዙዎቹ በዚህ የተጎዱ ናቸው።

ገንዘቡ ለሁለት ጎማ ብቻ ከበቃስ? ብዙዎቻችን አዲሶቹን ከፊት ማድረግ ለምደናል፤ መሪውም ሞተሩም እዚያ ስላለ። የጎማ አምራቾች ምክር ግን አዲሶቹን ከኋላ አድርጉ የሚል ነው፤ ምክንያቱም ጠንካራ ነው። የፊቱ ሲንሸራተት መኪናው ወደ ፊት ይገፋል፤ ሾፌሩ ነዳጁን ለቆ ሊያስተካክለው ይችላል። በኩርባ ላይ የኋላው ሲለቅ ግን መኪናው ዞሮ ይሽከረከራል፤ ያን የሚመልስ ሾፌር ጥቂት ነው። ይህን ለጎሚስታው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ካልነገሩት በለመደው ይገጥማል።

ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ባትሪው ስለሚከብድ የጭነት ቁጥሩ ከፍ ያለ ጎማ ይፈልጋል፤ ሞተሩም ኃይሉን በአንድ ጊዜ ስለሚሰጥ ጎማ ቶሎ ይበላል።

የሚቀየርበት ጊዜ መቼ ነው? አዲስ የቤት መኪና ጎማ ቦዩ 8 ሚሊሜትር ያህል ይጠልቃል። በቦዩ ውስጥ ከጥርሱ ዝቅ ያሉ ትናንሽ ድልድዮች አሉ፤ ጎኑ ላይ ቲ ደብሊው አይ የሚለውን ጽሑፍ ወይም ትንሿን ሦስት ማዕዘን ተከትሎ ማግኘት ይቻላል። ጥርሱ ከድልድዮቹ ጋር ከተስተካከለ 1.6 ሚሊሜትር ቀርቶታል፤ በብዙ አገር ሕግ የመጨረሻው ወሰን ይህ ነው። ለክረምት ግን ይህ በጣም ይዘገያል፤ 3 ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ መቀየር ይገባል። በጋውን በ3 ሚሊሜትር መጨረስ ይቻላል፤ ግንቦትን በዚያ መጀመር አይገባም። ስለዚህ ጎማ የሚገዛው መጋቢት ውስጥ ነው። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ፊቱ ላይ የሚቀር ቅባት ስላለ በሙሉ አቅሙ መያዝ የሚጀምረው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በደረቅ መንገድ ላይ ከሄደ በኋላ ነው፤ በመጋቢት የተገጠመው የመጀመሪያው ካፊያ ሲመጣ ተፍቆ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።