የቀበሌ ቤት

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ ባለቤቱ ከሚኖርበት ውጪ ያለውን ትርፍ ቤትም ወረሰ። ከተወረሱት መካከል ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ከዚያ በላይ የሚከራዩትን ለማስተዳደር ሌላ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የምንለው የእሱ ወራሽ ነው። አዋጁ ኪራይም ቀንሷል፤ አነስተኛ ኪራይ ለሚከፍለው ቅናሹ እስከ ግማሽ ይደርስ ነበር። የቀበሌ ቤት እንዲህ ተወለደ። በአዲስ አበባ ቀበሌዎቹ በወረዳ ከተተኩ በኋላም ሕዝቡ ስሙን አልቀየረውም።

አብዛኛው ቤት የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ አባወራ ይኖራል፤ መጸዳጃው የጋራ፣ ብዙ ጊዜ ቧንቧውም የጋራ። ልጅ ሲበዛ ከጣሪያው ሥር ቆጥ ይሠራል፤ ኑሮ ሲከብድ ደባል ይገባል። ይህን ሁሉ ችሎ ሰው ከቤቱ የማይወጣው ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት በጥቂት ብር ሲቆጠር ስለኖረ ብቻ አይደለም። ቤቱ መሐል ከተማ ነው። እንጀራ ጋግራ የምታከፋፍል እናት ደንበኞቿ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው፤ ጉሊቷ፣ ዕድሯ፣ የልጆቿ ትምህርት ቤትም እዚያው ነው። ለእሷ የቤቱ ዋጋ ያለው በግድግዳው ሳይሆን በሰፈሩ ነው።

ትልቁ ጉድለት ጥገና ነው። የሚሰበሰበው ኪራይ የሚያፈስ ቆርቆሮ ለመቀየር እንኳ አይበቃም። ተከራዩም ነገ ይፈርሳል በሚባል፣ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ጥሪቱን ለማፍሰስ ይፈራል። ያለ ፈቃድ ማደስም ያስጠይቀዋል። ስለዚህ ቤቱ ዓመት በዓመት ያዘማል። ከዚያ «ያረጀ ሰፈር» ተብሎ ይፈርሳል፤ በልደታም በፒያሳም የሆነው ይኸው ነው።

ሲፈርስ ውል ያለው ተከራይ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ይሰጠዋል። ደባሉ ግን ውል ስለሌለው ከቁጥር አይገባም። ለዓመታት በዚያ ጣሪያ ሥር ቢያድርም ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ደላላ ይሄዳል። እኔ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ከድሃው ይበልጥ ድሃ የሆነው ሰው በመዝገብ ላይ የለም።

ኮንዶሚኒየሙ ለብዙዎች ቤት ሰጥቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የሚሸጥ ቤት ነው። በ20/80 መርሐ ግብር ቆጣቢው 20 በመቶውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ቀሪውን በየወሩ ለባንክ ይመልሳል። ለዝቅተኛው ገቢ የታሰበው 10/90 እንኳ ቅድሚያ ክፍያና ወርሃዊ ዕዳ አለው። በዚህ የተነሳ ዕጣ ከወጣላቸው ብዙዎቹ ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ርካሽ ቤት ይከራያሉ። ቤቱ ወደ ኪራይ ገበያ ይገባል እንጂ ለታሰበለት ሰው አይደርስም። ከዚህም ሌላ ጀሞ፣ የካ አባዶና ኮዬ ፈጬ ከመሐል ከተማ ሩቅ ናቸው፤ የትራንስፖርቱ ወጪ የጉሊቷን ትርፍ ይበላዋል።

የኪራይ ገበያውን በተመለከተ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 አከራይ ባሻው ጊዜ ዋጋ እንዳይጨምር ከልክሏል፤ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ጥሩ ጥበቃ ነው። ሆኖም አንድም አዲስ ክፍል አይጨምርም።

የጎደለው የሚሸጥ ሳይሆን የሚከራይ የመንግሥት ቤት ነው። ኪራዩ በቤተሰቡ ገቢ ልክ ይተመን፣ ለጥገና የሚጎድለውን የመንግሥት በጀት ይሙላው፤ ደባሉም በስሙ ይመዝገብ። የከተማው አስተዳደር አንድ የቀበሌ ቤት ባፈረሰ ቁጥር የሚተካው የኪራይ ቤት በዚያው ሰፈር ይሠራ፤ ግንባታውም ከማፍረሱ ይቅደም።