የክረምት ደመናና የቤተ ሰብ ኑሮ በኩየራ

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሚኖር ሕዝብ የፀሐይ ባለጠጋ ነው። በበልግ ከሚጥለው ዝናም በቀር ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሰማዩ በአብዛኛው ብሩህ ስለ ሆነ፥ እመቤቲቱ ልብስ አጥባ በገመድ ስትዘረጋ፥ በርበሬና ብቅል ስታሰጣ፥ ፍራሽና ምንጣፍ አውጥታ ስታናፍስ፥ ሕፃኗንም ታቅፋ ከደጃፍ ስትቀመጥ፥ ፀሐይ ትኖር ይሆን ብላ አትጨነቅም። ዋጋ የማይከፈልበት አገልግሎት አይታወቅምና። ሰኔ ገብቶ ደመናው በአርሲ ደጋ ላይ ሲከመር ግን ቤቱ ሁሉ አገልጋይ እንደ ተለየው ቤት ይሆናል፤ ልብሱ አልደርቅ ይላል፥ እህሉ ይሻግታል፥ ሰውም ብርዱን ሽሽት በርና መስኮቱን ዘግቶ በከሰል ዙሪያ ይሰበሰባል። በዚህ ጽሑፍ ልናሳስብ የወደድነው፥ ፀሐይ በነጻ ትሠራልን የነበረውን ሥራ በክረምት ማን ይሥራው የሚለውን ነገር ነው።

ኩየራ ከሻሸመኔ በስተ ሰሜን፥ ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ባሕር የላትም፤ ነገር ግን የሐይቆች ጎረቤት ናት። በስተ ምዕራብ አገሩ ጥልቀቱ 266 ሜትር ወደሚደርሰው ወደ ሻላ ሐይቅ ዝቅ እያለ ይወርዳል፤ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ወደ ደጋው ከፍ ይላል። በክረምት የዝናሙ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲመጣ፥ እርጥበት የተሸከመው ነፋስ በተራሮቹ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ደመና ይሆናል። በሸለቆው ወለል ላይ፥ በዝዋይ አካባቢ፥ አየሩ ወርዶ ስለሚሞቅ ዝናሙ ያንሳል። ኩየራ በሁለቱ መካከል ስላለች ከደጋው ደመና ድርሻዋን ትቀበላለች፥ የቆላውንም ብርሃን ፈጽማ አታጣም።

ለብርሃን አገር ደመና እንግዳ የሚሆነው በእኛ ዘንድ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ያለችው ሳን ዲዬጎ በፀሐይዋ የታወቀች የባሕር ወደብ ስትሆን፥ በግንቦትና በሰኔ ከቀዝቃዛው ባሕር የሚነሣ ደመና ጧት ጧት ይሸፍናታል፤ ብዙውን ጊዜም ወደ እኩለ ቀን ሲሆን ይገለጣል። የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ግን የባሰባት ናት። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ሰማይዋ እንደ አመድ ሆኖ ይሰነብታል፤ ከዚያ ሁሉ ደመና የሚወርደው ካፊያ ግን መሬቱን በቅጡ አያርስም። ያ ደመና ፀሐይን ወስዶ በምትኩ ምንም አይሰጥም። የእኛ ደመና የወሰደውን በዝናም ይከፍላል፤ ሰዓቱም ከሳን ዲዬጎ የተገላቢጦሽ ነው። በሸለቆአችን ብዙውን ጊዜ ጧቱ ይገለጥና ደመናው ከሰዓት በኋላ ይከመራል፥ ዝናሙም ወደ ማታ ይወርዳል። እንግዲህ የክረምት ፀሐይ በጧት ካልተቀደመች እንደማትገኝ የቤት እመቤት ሁሉ ልብ ልትል ይገባታል።

ቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ትቈጥራለች፤ በክፍል በክፍልም ለይታ ስም ሰጥታዋለች። እስከ ሐምሌ 18 ያለው የዘርና የደመና ጊዜ ነው። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 የመብረቅ፥ የነጐድጓድ፥ የባሕር፥ የአፍላግና የጠል ይባላል። ከነሐሴ 10 እስከ 27 ዕጓለ ቋዓት፥ ደሰያት፥ ዐይነ ኵሉ ነው፤ ይኸውም የቁራ ጫጩቶች፥ ደሴቶችና የሁሉ ዐይን ማለት ነው። ከነሐሴ 28 ጀምሮ ጎሕ ጽባሕ ይሆናል። ለደመና እንኳ የራሱ ወራት እንደ ተሰጠው ልብ ይሏል።

ከሁሉ አስቀድመን የምናነሣው የሕፃናትን ነገር ነው። የሰው ቆዳ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ቫይታሚን ዲ የተባለውን ንጥረ ነገር ይሠራል፤ እርሱ ከሌለ ሰውነት ለአጥንት የሚሆነውን ካልሲየም ከምግብ በሚገባ ሊወስድ አይችልም። የእናት ጡት ለሕፃን ከሁሉ የሚበልጥ ምግብ ቢሆንም ይህ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ብቻ ይገኝበታል። ስለዚህ ፀሐይ ያላየ ሕፃን አጥንቱ ይለሰልሳል፤ እርግብግቢቱ ቶሎ አይገጥምም፥ ጥርሱ ይዘገያል፥ መሄድ ሲጀምርም እግሩ ይጎብጣል። ሐኪሞች ሪኬትስ ይሉታል። ጉዳቱም በእግር መጉበጥ አያበቃም። በ1989 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፥ በአዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገ ጥናት ነበር። የሳንባ ምች የያዛቸው 500 ሕፃናትና ያልያዛቸው 500 ሕፃናት ተመረመሩ፤ ከታመሙት መካከል በ210 ላይ፥ ካልታመሙት መካከል ግን በ20 ላይ ብቻ ሪኬትስ ተገኘ። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን በኃይል ሊተነፍስና አክታውን ሊያስወጣ ይቸግረዋልና።

አሁን ይህን ነገር ከክረምቱ ጋራ እናስተያየው። ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። በሰኔ 1 ቀን የተወለደች ልጅ 80 ቀኗ የሚሞላው በነሐሴ 20 ቀን ነው። እስከ ክርስትናዋ ከደጃፍ አትወጣም የተባለ እንደ ሆነ፥ ያች ልጅ የክረምቱን ዋና ክፍል በሙሉ በጓዳ፥ በጋቢ ተጠቅልላ፥ ከደመናው በታች በሌላ ደመና ተሸፍና ታሳልፈዋለች ማለት ነው። አያት፥ ቡዳ ያያታል፥ ምች ይመታታል፥ ብርድ ይገባታል ትላለች። እኛ የአያቶችን ምክር የምንንቅ አይደለንም፤ ብዙ ቤት የቆመው በእነርሱ ነው። ነገር ግን ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን የወሰነው ሕፃኒቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጥታ የምትጠመቅበትን ቀን እንጂ ፀሐይ የምትሞቅበትን ቀን አይደለም። ክልከላው ከልማድ የመጣ ነው፤ ልማዱን የወለደው ፍቅር መሆኑን ባንክድም፥ ልጅን በሚጎዳበት ቦታ ዝም ብለን ልናልፈው አይገባንም።

የሚደረገውም ቀላል ነው። ሰማዩ በተገለጠ ጧት፥ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፥ ነፋስ በማይመታበት ደጃፍ ወይም ግቢ ሕፃኑን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ፊቱን፥ እጁንና እግሩን ገልጦ ማሞቅ ነው። በመስተዋት መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ አይጠቅምም፤ አጥንትን የሚያጸናውን ጨረር መስተዋቱ ያስቀረዋልና። ቅቤ መቀባትም ፀሐይን አይተካም። ደመናው ስስ ከሆነ ከብርሃኑ የሚያልፍ ስላለ ከመውጣት መቅረት አይገባም። ፀሐይ ሳትታይ ብዙ ቀን የዋለች እንደ ሆነ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ ቫይታሚን ዲ ጠብታ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ከሰል ነው። ይህን ስንጽፍ ድምፃችንን ከፍ ብናደርግ አንባቢ ይቅር ይበለን። የከሰል ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ አየር ያወጣል፤ አይታይም፥ አይሸትም፥ ዐይንም አያቃጥል። በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ እየያዘ ራስ ያሳምማል፥ ያዞራል፥ ያቅለሸልሻል፤ የተኛን ሰው ግን ሳይነቃ ሊገድለው ይችላል። ብዙ ሰው የሚፈራው ጢሱን ነው፤ ስለዚህ ምድጃውን ከውጭ አቀጣጥሎ፥ ጢሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ፥ አሁንማ ደኅና ነው ብሎ ወደ መኝታ ቤት ያስገባዋል። መርዙ ከጢሱ ጋራ አይሄድም፤ ፍሙ አመድ ለብሶ ሲታይም መውጣቱን አላቆመም። ለቡና በቀረበ ከሰል አጠገብ መቀመጥ በሩ ከተከፈተ መልካም ነው፤ ሰው ሊተኛ ሲል ግን ምድጃው ወደ ውጭ መውጣት አለበት፥ ያውም ከመጨረሻው ፍም ጋራ። በአንድ ቤት ብዙ ሰዎች ባንድ ጊዜ ራሳቸውን የታመሙ እንደ ሆነ ጉንፋን ነው ብሎ ሳይቆዩ፥ ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። ለሌሊቱ ብርድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይበቃል።

የልብስንና የእህልን ነገር በአጭሩ እናልፈዋለን፥ እናቶች ከእኛ ይልቅ ያውቁታልና። አንድ ብቻ እንጨምር። እርጥበት ያገኘው በቆሎና በርበሬ ሲሻግት አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊያፈራ ይችላል፤ ይህም በማጠብ ወይም በመቁላት ተጠርጎ አይጠፋም። የሻገተውን ከደኅናው ጋራ ቀላቅሎ ማስፈጨት ቁጠባ አይደለም።

ደመናው ብቻ የሚሰጠን ስጦታ ደግሞ ውኃ ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ ዐለት መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ ይሸከማል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው መጠን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፥ በሸለቆው ወለል ካሉት ጉድጓዶች ብዙዎቹ ከዚህ ይበልጣሉ። በአዳማ አጠገብ በወንጂ፥ እንዲህ ያለውን ውኃ ለብዙ ዓመታት ጠጥተው አጥንታቸው የደነደነ ሠራተኞች እንደ ነበሩ ሐኪሞች ጽፈዋል። በልጆች ላይ የሚታየው ደግሞ ቡናማ ጥርስ ነው፤ ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሲሠራ፥ እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜ ስለሚያገኘው፥ ከበቀለ በኋላ መፋቂያ አያስለቅቀውም። ውኃውን ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል እንጂ ፍሎራይዱን አይቀንሰውም። የዝናም ውኃ ግን ከዚህ ነገር ነጻ ነው ሊባል ይችላል። ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢወርድ 800 ሊትር ይሆናል፤ ጥቂቱ ቢባክን እንኳ ለልጆች መጠጥና ለወጥ የሚሆን ብዙ ይተርፋል። የመጀመሪያው ዝናም ጣሪያውን እንዲያጥብ ይለቀቅ፤ የሚቀጥለው በአሸንዳ ተቀብሎ በንጹሕ በርሜል ይቈር፥ ትንኝም እንዳይራባበት በሚገባ ይከደን፤ ለመጠጥ ሲሆን ይፍላ።

የሻሸመኔና የኩየራ አካባቢ ገበሬ ድንች አምራች ነው። ደመናና ቅዝቃዜ በሰነበተ ቁጥር የድንቹን ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ ይበረታል፤ በአየርላንድ ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያን ታላቅ ረኃብ ያመጣው ይኸው በሽታ ነው። ስለዚህ በሐምሌ ማሳውን ዞር ዞር እያሉ ማየትና ቅጠሉ ጠቆር ያለ እንደ ሆነ ሳይዘገዩ የግብርና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። ለፍልሰታ ጾም ወደ ቤት የገባው ድንች ደግሞ ከዕቃ ሁሉ ተለይቶ ፀሐይን የማይወድ ነው። ብርሃን ሲያገኘው ይለመልማል፥ የለመለመውም ክፍል መርዝ አለበት፤ እንዲህ ያለውን መብላት አይገባም። እርሱስ በጨለማ ጓዳ ይቀመጥ።

ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚሉ አሉ፤ በደብረ ታቦር ሰሞን ሰማዩ ገለጥ ገለጥ ማለቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የቤተ ክርስቲያን ቈጠራ ክረምቱን እስከ መስከረም 25 ያደርሰዋል፤ የኩየራም ሰማይ ከዚህ ቈጠራ ጋራ የሚስማማበት ጊዜ ብዙ ነው። ከጣሪያው ክፈፍ በታች የታሰረው የልብስ ገመድ ለእንቁጣጣሽ ተብሎ አይፈታ፤ የውኃው በርሜልም እስከ መስቀል ከአሸንዳው ሥር ይቆይ።